ለደጃፍ መንገድ ማን ይክፈል? በምን ስሌት?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የራሴ ግቢ አለኝ። ከመኖሪያ ቤቴ ሌላ ከኋላ አራት የሚከራዩ ክፍሎች፣ ከፊት ደግሞ አንዲት ሱቅ አሉኝ። የሰፈራችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ እንደ ጎረቤቶቼ መዋጮዬን ከፍያለሁ። የቦታ ኪራይና የቤት ግብርም በየዓመቱ እከፍላለሁ። ያም ሆኖ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ይሰምጣል፣ ድንጋዩ ይነቀላል፣ የሚጠግነው የለም። አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ኮርፐስ ክሪስቲ የሚኖረው ወንድሜ የውሃ ሂሳቡን ሲያሳየኝ የመንገድ ጥገና የሚል ክፍያ አየሁበት። ይህ ክፍያ እንዴት ነው የሚሰላው? እኛ ዘንድ ቢመጣ ሁለተኛ የቤት ግብር አይሆንም? ከመጣስ የምከፍለው እኔ ነኝ ወይስ ተከራዮቼ?»

ምላሽ፦

ከወንድምዎ ደረሰኝ ልጀምር። ኮርፐስ ክሪስቲ ይህን ክፍያ መሰብሰብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ ነው (ከዚህ በኋላም የውጭውን ዓመት ሁሉ በእ.ኤ.አ.፣ የእኛን በዓ.ም. እቆጥራለሁ)። ሲጀመር አንድ ራሱን የቻለ መኖሪያ ቤት በወር 5 ዶላር ከ38 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ቤቱ ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ ውድ ይሁን ርካሽ፣ ልዩነት የለውም። ለንግድ ቤቶች ግን ስሌቱ ሁለት ነገሮችን ያባዛል፦ የሕንፃውን የወለል ስፋትና የዚያ ዓይነት ሥራ ወደ መንገድ የሚያወጣውን የጉዞ ብዛት። የጉዞው ብዛት የሚወሰደው የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ለብዙ ዓመታት በየበሩ መኪና እያስቆጠሩ ካጠናቀሩት ሰንጠረዥ ነው። በዚያ ሰንጠረዥ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት በሥራ ቀን ከዘጠኝ እስከ አሥር የመኪና ጉዞ ያመነጫል፤ መውጣቱ አንድ፣ መግባቱ ሌላ አንድ ተብሎ ማለት ነው። ፈጣን ምግብ የሚሸጥ ቤት ደግሞ እኩል የወለል ስፋት ካለው መጋዘን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉዞ ስላለው የበለጠ ይከፍላል።

በስሌቱ ውስጥ የሌለውን ነገር ልብ ይበሉ። የቤቱ ዋጋ የለም፤ የባለቤቱ ገቢም የለም። ክፍያው የሚጠይቀው «ይህ ግቢ መንገዱን ምን ያህል ያሠራዋል?» ብሎ ብቻ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ የሚመነጨውም ከዚህ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡን ቀድማ የሞከረችው የኮሎራዶዋ ፎርት ኮሊንስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1984። ዛሬ በኦሪገን ግዛት ብቻ ከ30 በላይ ከተሞች ይሠሩበታል። ወደዚህ የገፋቸው የነዳጅ ቀረጥ መድከም ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ የሚያስከፍለው 18.4 ሳንቲም ከ1993 ጀምሮ አልተነካም፤ በእነዚያ ዓመታት ግን የሬንጁም፣ የሠራተኛውም፣ የማሽኑም ዋጋ ወደ ላይ ሄዷል። እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ዋና ምንጩ ከእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ የሚቆረጥ ገንዘብ ነበር፤ ከዚያም ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት አገር አቋራጭና የክልል መንገዶች ሲሆኑ ለከተሞች የሚደርሰው ትንሹ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪና መንገዱን እንደ ማንኛውም መኪና ይረግጣል፣ ነዳጅ ማደያ ግን አይቆምም። እንግዲህ ከሊትር ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ወደፊት እየሳሳ የሚሄድ ነው። የከተማ መንገድ ሌላ ምንጭ ይፈልጋል፤ ክርክሩ በዚህ ላይ ሳይሆን ሸክሙ እንዴት ይደልደል በሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። «ሁለተኛ የቤት ግብር አይሆንም?» ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ይህንኑ ጠይቀው እርስ በርስ የሚቃረን መልስ ሰጥተዋል። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 የፎርት ኮሊንስን ክፍያ አጸናው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን የአይዳሆ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖካቴሎ የምትባለውን ከተማ ክፍያ ሽሮታል፤ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1995 የሲያትልን። በ2017 ካንሳስ ውስጥ ሚሽን የተባለች ትንሽ ከተማ በተመሳሳይ ክርክር ተረታለች። የሻሩት ፍርድ ቤቶች ያሉት ባጭሩ ይህን ነው፦ ከፋዩ ልተወው ቢል መተው የማይችለው፣ ጥቅሙም ለከፋዩ ብቻ ሳይሆን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሆነ ነገር ምንም ስም ቢሰጠው ግብር ነው፤ ግብር ደግሞ ሕግ የፈቀደለት አካል ብቻ ይጥላል። የኦሪገኗ ፖርትላንድ ደግሞ ፍርድ ቤት እንኳን ሳትደርስ ቀርታለች። በ2014 የመንገድ ክፍያ ልትጥል ስትል ነዋሪው ከዳር እስከ ዳር ስለተነሣባት በ2015 መጀመሪያ ሐሳቡን ትታ፣ በ2016 ሕዝቡን በድምፅ ጠይቃ በጋሎን 10 ሳንቲም የነዳጅ ቀረጥ አስወሰነች።

በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እርስዎ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር የሚከፍሉት ሥሩ ከ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 በሚመዘዝ ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በ2015 ዓ.ም. የንብረት ታክስን የመጣል ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ፤ በጥር 2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ የሚያወጡበትን የንብረት ታክስ ማዕቀፍ አጸደቀ። የንብረት ታክስ መነሻው የንብረቱ ዋጋ ነው። የመንገድ ጥገና ክፍያ ተብሎ የሚመጣው ነገር ስሌቱ በቤትዎ ዋጋ ወይም በቦታዎ ደረጃ ላይ ከቆመ፣ ያለ ጥርጥር ሁለተኛ የቤት ግብር ነው፤ መቃወምም ይገባል። ስሌቱ ግቢዎ በመንገዱ ላይ በሚያሳርፈው ጫና ላይ ከቆመ ግን ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱን በሰፈርዎ አካባቢ ማየት ይቻላል። ሐይቁ ዳር ጥሩ ቦታ ላይ ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ አንዲት ጡረተኛ እናት ብቻቸውን ይኖራሉ እንበል። ቦታው ውድ ስለሆነ በንብረት ታክስ ከፍ ያለ ይደርስባቸዋል። መንገዱን የሚጠቀሙት ግን ጠዋት ጊዮርጊስ ለመሳለም፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በባጃጅ ገበያ ለመሄድ ነው። ከኋላ ባለው ጠባብ ቅያስ ሲሚንቶና ብረት የሚያራግፍ መጋዘን አለ። ቦታው ርካሽ፣ ሕንፃው ቆርቆሮ፤ በቀን ስንት ከባድ መኪና እንደሚገባበት ግን ሰፈሩ ያውቀዋል። በዋጋ የተሰላ ግብር እናትየዋን ያስከፍልና መጋዘኑን ያልፈዋል። የክፍያው ሙሉ ሐሳብ ይህን ለማቃናት ነው፤ ይህን ካላቃና ባይመጣ ይሻላል። የንብረት ታክሱና ይህ ክፍያ በአንድ ዓመት ተደራርበው የሚመጡ ከሆነ ደግሞ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነኝ። መጀመሪያ አንዱ ይልመድ፣ ደረሰኙና ሥራው ይታይ።

ከሒሳቡ በፊት ግን መንገድዎ ለምን እንደሚሰምጥ መነጋገር አለብን፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚሰበሰብ ገንዘብ የሚሄደው ወደ ተሳሳተ ቦታ ነውና።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳነቷ ለብስክሌት የተመቸ ነው፤ ለቦይ ግን ጠላት ነው። ውሃ የሚወርድበት ቁልቁለት ስለሌለ በቦዩ ውስጥ ትንሽ ደለልና ጥቂት የፕላስቲክ ጠርሙስ ከተከማቸ ወደ ኋላ ይተኛል። ከታች ያለው አፈር በብዙው ሰፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በበጋ እንደ ድንጋይ የጠነከረው በነሐሴ ጭቃ ነው። ዝናቡ ደግሞ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቅልሎ ይወርዳል።

ኮብልስቶን በዚህ ላይ ሲነጠፍ ጥቁር ድንጋዩ የሚቀመጠው በአሸዋ ላይ፣ አሸዋውም በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ላይ ነው። ቦዩ ሲደፈን ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ሰርጎ ይገባና ገረጋንቲውን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ከባድ ጎማ ሲያልፍ ከሥር ያለው ጭቃ በድንጋዮቹ መካከል ወደ ላይ ይተፋል። በዝናብ ማግስት በኮብልስቶን ላይ ጥቁር ጭቃ ተረጭቶ ካዩ ከላይ የመጣ እንዳይመስልዎ፤ መንገዱ ሆዱን እያወጣ ነው። አሸዋው ሲያልቅ ድንጋዩ ይላላል፣ የዳር ድንጋዩ ከተነቃነቀ ደግሞ ረድፉ ሁሉ ይበተናል። ጥቁር ድንጋዩ ራሱ ግን ምንም አልሆነም። የኮብልስቶን ትልቁ በጎነት ይኸው ነው፤ ድንጋዩን ማንሣት፣ የለሰለሰውን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ በገረጋንቲ መተካትና መጠቅጠቅ፣ አሸዋ ማልበስ፣ ያንኑ ድንጋይ መልሶ መደርደር። ሬንጅ አያስፈልግም። መዶሻ የያዙ ጥቂት የለመዱ ወጣቶችና ለመጠቅጠቂያ የሚሆን አነስተኛ ማሽን ይበቃል። በጊዜው ከተደረሰበት ወጪው በአብዛኛው የጉልበት ነው።

ስለዚህ ለእርስዎ መንገድ የመጀመሪያው ጥገና ቦይ መጥረግ ነው፤ ያውም ከግንቦት በፊት። በብዙ ከተሞች የመንገድና የቦይ በጀት በተለያዩ ክፍሎች እጅ ስለሆነ አንዱ የጠገነውን ሌላው የተወው ቦይ ያፈርሰዋል። የመንገድ ክፍያ ተብሎ ተሰብስቦ ለቦይ መዋል የማይችል ገንዘብ እዚህ ከተማ ውስጥ ግማሽ ገንዘብ ነው።

አሁን የማይወደድ ነገር ልንገርዎ። ክፍያው ቢጀመር የእርስዎ መንገድ መጀመሪያ ላይጠገን ይችላል፤ ያም ትክክል ሊሆን ይችላል። ወንድምዎ ያለበት ከተማ ገንዘቡን በዋናነት የሚያውለው ገና ደኅና በሆኑ መንገዶች ላይ ነው። ስንጥቃቸው ይደፈናል፣ በላያቸው ስስ ንጣፍ ይለብሳል። ፈጽሞ የፈረሱት የሚሠሩት በሌላ ገንዘብ፣ በአብዛኛው በብድር ነው። ከፋይ ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ «እኔ በጉድጓድ እየሄድኩ የምከፍለው ለደኅናው መንገድ ነው?» ይላል። ምክንያቱ ግን ጽኑ ነው። አስፋልት መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ፣ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን ተንደርድሮ ነው የሚወድቅ። የዓለም ባንክ በ1988 ባወጣው ጥናት 85 ታዳጊ አገሮች በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በወቅቱ ባለመጠገን ብቻ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መንገድ አጥተዋል፤ 12 ቢሊዮን ዶላር የማይሞላ የቅድሚያ ጥገና ያድነው ነበር። የመጣው ገንዘብ ሁሉ በጣም የፈረሰው ላይ ከፈሰሰ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች የፈረሱ መንገዶች ይወለዳሉ፤ ማለቂያ የለውም። ለኮብልስቶን ሰፈር ግን ከላይ እንዳልኩት ድንጋዩ በቦታው ስላለ ጥገናው ርካሽ ነው፤ የእኔ ምርጫ ከገንዘቡ የተወሰነ እጅ ለቅያስ መንገዶች ድንጋይ መልሶ መደርደሪያ አስቀድሞ ተለይቶ እንዲያዝ ነው። ደኅናውን መጠበቅ ትክክል ነው ብሎ ዋና ጎዳናውን ብቻ እያበጃጁ መኖር ደግሞ ሌላ በደል ነው።

ስለ ጫና ስንነጋገር ባጃጅን ሰበብ ማድረግ ልማድ ሆኗል። «ባጃጅ መንገዱን ፈጀው» ሲባል እሰማለሁ። ባጃጅ መንገድ ያጨናንቃል፣ ይጮኻል፤ መንገድ ግን አያፈርስም። ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ለዚሁ ተብሎ በተሠራ መንገድ ላይ የጭነት መኪኖች ሌት ተቀን እየተመላለሱ ጉዳቱ ተለክቶ ነበር። ከዚያ የወጣው ሕግ መንገድ መሐንዲስ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ጉዳቱ የሚያድገው በአክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ባለው ክብደት አራተኛ ኃይል ልክ ነው። የባጃጅ የኋላ አክስል ግማሽ ቶን ያህል ቢሸከም፣ አሸዋ የጫነ መኪና አክስል ደግሞ 10 ቶን ቢሸከም፣ ክብደቱ 20 እጥፍ ነው፤ ጉዳቱ ግን 20 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ 160,000 እጥፍ ይሆናል። ሕጉ ለአስፋልት የተቀመረ ግምት ስለሆነ ለኮብልስቶን ቁጥሩ ለክቶ አይያዝም፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። በሽምብጥ ቅያስ ውስጥ ለአንድ ፎቅ ግንባታ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱ መኪኖች በአንድ ክረምት የሚያደርሱትን ጉዳት የሰፈሩ ባጃጆች በዕድሜያቸው አያደርሱም።

የአሜሪካው ስሌት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ጉዞ ይቆጥራል፣ ክብደት አይመዝንም ማለት ይቻላል። እነርሱ ዘንድ በመኖሪያ ሰፈር ከባድ መኪና በብዛት ስለማይገባ ነገሩ ያልፋል። ግማሹ ሰፈር በግንባታ ላይ በሆነበት ከተማ ግን አያልፍም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከወርሃዊው ክፍያ በፊት ሁለት ነገሮች መቅደም አለባቸው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ገንቢው እንደ ሕንፃው መጠን ማስያዣ ያስቀምጥ፤ ሥራው ሲያልቅ መንገዱ በነበረበት ካለ ይመለስለት፣ ከፈረሰ በዚያ ይጠገን። ሁለተኛው፣ ለውሃ ቱቦ፣ ለስልክ መስመር፣ ለፍሳሽ እየተባለ መንገድ የሚቆርጥ ሁሉ፣ የመንግሥት ተቋምም ቢሆን፣ በሜትር ሒሳብ ይክፈል። አንድ ጊዜ ተቆርጦ በአፈር የተሞላ መንገድ ቁስሉ አይድንም፤ ክረምቱ የሚገባው በዚያ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይኖሩ ከእርስዎ በየወሩ ገንዘብ መሰብሰብ የሌላውን ጥፋት ማስከፈል ይሆናል።

እነዚህ ቀድመው ተስተካክለው የሚቀረው ወጪ በግቢዎች ላይ ቢደለደል ምን ሊመስል ይችላል? ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ ከራሴ ያመጣኋቸው ናቸው፤ ከየትኛውም ሰነድ የተወሰዱ አይደሉም። ከተማው ለቦይ ጠረጋና ለመደበኛ ጥገና በዓመት 30 ሚሊዮን ብር ያስፈልገዋል እንበል። እያንዳንዱ ግቢ እንደ ጫናው ነጥብ ይሰጠዋል፦ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት 1 ነጥብ፣ የሚከራይ አንድ ክፍል ግማሽ፣ የሰፈር ሱቅ 3፣ ጭነት የሚራገፍበት መጋዘን 12። የከተማው ነጥብ ሁሉ ተደምሮ 100,000 ቢመጣ፣ የአንድ ነጥብ ዋጋ በዓመት 300 ብር፣ በወር 25 ብር ነው። የእርስዎ ግቢ 1 ለመኖሪያው፣ 2 ለአራቱ ክፍሎች፣ 3 ለሱቋ፣ በድምሩ 6 ነጥብ ይሆናል፤ በወር 150 ብር። መጋዘኑ 300 ብር ይከፍላል። ከወጪው ተነሥቶ ወደ ነጥብ መውረድ እንጂ «በቤት ይህን ያህል ብር ይከፈል» ብሎ ጀምሮ የተገኘውን ማውጣት ስሌት አይባልም።

ታዲያ ሱቅዎ በእርግጥ የቤትዎን ሦስት እጥፍ ጫና ታመጣለች? ሻይ ቅጠልና ሳሙና በእግር ለሚመጣ ጎረቤት የምትሸጥ ከሆነ አይመስለኝም። ለዚህ ነው የአሜሪካኖቹን ሰንጠረዥ ተርጉሞ ማምጣት ስሕተት የሚሆነው፤ ያ ሰንጠረዥ ዳቦ ለመግዛት መኪና የሚያስነሣ ሕዝብ ሰንጠረዥ ነው። እዚህ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ በብስክሌት ይሄዳል፣ ሦስት ሆኖ በባጃጅ ይሄዳል። የራሳችንን መቁጠር ይቻላል። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው በተመረጡ ሱቆች፣ ሆቴሎች፣ መጋዘኖችና ጤና ጣቢያዎች በር ላይ ቢቀመጡ፣ የሚገባውን በዓይነቱ ለይተው ቢቆጥሩ፣ በገበያ ቀንና በተራ ቀን፣ በበጋና በክረምት ቢደግሙት፣ ከየትኛውም የውጭ መድበል የተሻለ ሰንጠረዥ ይወጣዋል። ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው፤ በጥምቀት ሰሞን የሚሞላ ቤት በሐምሌ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ከክፍያው ማን ነፃ ይሁን፣ ማን አይሁን የሚለውም በስሌቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው። አንዱን በማሩት ቁጥር የእርሱ ነጥብ ለሌላው ይታደላል። የቴክሳስ ኦስቲን መኪና የሌለው ወይም 65 ዓመት የሞላው ነዋሪ አመልክቶ ነፃ እንዲሆን ትፈቅዳለች፤ ይህ እኛም ልንወስደው የሚገባ ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድን መማር ማንም አይቃወምም። መሥሪያ ቤቶችን ግን አልምርም። ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ ናት፤ የቢሮዎቹ ግቢዎች ጠዋት በመኪና ሞልተው ማታ የሚራገፉ ናቸው። ይህ ዓይነቱ ክፍያ በውጭ ከተሞች ከሚወደድባቸው ምክንያቶች አንዱ ከንብረት ግብር ነፃ የሆኑ ተቋማት ጭምር የሚከፍሉት መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤቶች ነፃ ከወጡ ሸክሙ የሚወድቀው በእርስዎና በጎረቤቶችዎ ላይ ነው።

ስለ አሰባሰቡ ብዙ አልልም። ከውሃ ሂሳብ ጋር ማያያዝ ቀላል ነው፤ አዲስ አበባም የቆሻሻ ማንሻ ክፍያን ከውሃ ሂሳብ ጋር ትሰበስባለች። ችግሩ በአንድ ቆጣሪ አምስት አባወራ የሚጠቀምበት ግቢ መኖሩ ነው። ለመንገድ ክፍያ ያልከፈለን ሰው ውሃ መቁረጥ ደግሞ አይገባም፤ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ቢመጡም ሁለት የተለያዩ ዕዳዎች ናቸው።

ከስሌቱ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ የሚገባበት ቋት ነው። የከተሞቻችን ገቢ የመንግሥት ገቢና የማዘጋጃ ቤት ገቢ ተብሎ ይለያል። የመንገድ ክፍያው በማዘጋጃ ቤት ገቢ ውስጥ እንኳን ቢገባ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ደመወዝ ሆነ፣ ነዳጅ ሆነ፣ ቦይ ሆነ ማንም መለየት አይችልም። የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ሌላ ሥራ ላይ መዋሉን የሚከለክል ደንብ፣ በየዓመቱም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ዝርዝር ያስፈልጋል፦ የትኛው ቅያስ፣ ስንት ሜትር ቦይ፣ ስንት ካሬ ሜትር ድንጋይ፣ በስንት ብር። እርስዎ ለኮብልስቶኑ ሲያዋጡ የከፋዎት መክፈልዎ እንዳልሆነ ከጥያቄዎ ይገባኛል። ያ መዋጮ ለማንጠፊያ ነበር፤ ለማቆያ የታሰበ አንድ ብር በውስጡ አልነበረም። አዲሱን ክፍያ ከድሮው መዋጮ የሚለየው ይህ ካልሆነ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ስብሰባ ከተጠራ «ስንት ነው?» ከማለትዎ በፊት «የት ይቀመጣል?» ብለው ይጠይቁ፤ ደንቡ በጽሑፍ ካልመጣ ቁጥሩ ላይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

የተከራዮቹ ጉዳይ ቀረ። በአሜሪካ የውሃ ሂሳቡ በማን ስም ከሆነ የመንገዱንም የሚከፍለው እርሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተከራዩ ማለት ነው። ጫናውን የሚፈጥረው በቤቱ የሚኖረውና የሚሠራው ሰው ስለሆነ ሐሳቡ ልክ ነው። እርስዎ ዘንድ ግን ሱቋንና ክፍሎቹን ለይተው ይዩ። የሱቋን ድርሻ፣ በምሳሌያችን 75 ብሩን፣ ነጋዴው ቢከፍል ፍትሐዊ ነው፤ በንግድ ውሉ ላይ ለብቻው ተጽፎ ይስፈር። የክፍሎቹ ተከራዮች ጉዳይ ይለያል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንበት ቦታ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ኪራይም እንደ ፈለጉ አይጨመርም። አዲስ ክፍያ መጣ ብሎ በኪራይ ላይ ማከል ሊያስጠይቅ ይችላል። የአንድ ክፍል ድርሻ በምሳሌያችን በወር 12 ብር ከ50 ሳንቲም ስለሆነ ለዚህ ሲሉ ከተከራይ ጋር መጋጨት አያዋጣም፤ ያሉት ውሎች እስኪያልቁ እርስዎ ይቻሉት። ውል ሲያድሱ ግን መብራትና ውሃ ማን እንደሚከፍል በሚጻፍበት አንቀጽ ሥር «ከተማው ወደፊት የሚጥላቸው የአገልግሎት ክፍያዎች» የሚል ሐረግ አስገብተው፣ የማን እንደሚሆን አብረው ይወስኑ።